ሶዲየም መብራት ለአርብ ገበያ ያዋጣል?

ብርቱካናማ መብራት ስር ቤት ውስጥ የሚያድግ ቲማቲም በቲክቶክ አይታችሁ «እኛስ?» ላላችሁ፦

ሆላንዶች ያን ሶዲየም መብራት የሚያበሩት ወደው አይደለም። በታኅሣሥ ቀናቸው 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም። አርብ ገበያ ግን አጭሩ ቀን ራሱ ከ11 ሰዓት በላይ ነው። የኢትዮጵያ ጽጌረዳ ሆላንድ ድረስ የሚሸጠው በዚሁ ፀሐይ አድጎ ነው።

ሂሳቡን እንየው። ባለ 600 ዋቱ በቀን 12 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 216 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ያውም አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ለምታህል መደብ! ያለ ባላስት አይሠራም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ወዲያው አይበራም፣ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ደቂቃዎች ይፈጃል።

ብሩ ካላችሁ ጠብታ መስኖ ግዙበት።