የወተትና የቅቤ ሙግት በሁለቱ ጎረቤታሞች መካከል

ዐቢይ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በቶሮንቶ ከተማ ከዳንፎርዝ ጎዳና ገባ ብሎ ካለ አንድ ቤት ለሰላምታ ብደርስ፣ ባለቤቲቱ ለፋሲካ የሚሆን ቅቤ ሲያነጥሩ አገኘኋቸው። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ አነጋገራቸው ለዛ የማያጣ እናት ናቸው። የኮረሪማውና የኮሰረቱ መዓዛ ደጅ ድረስ ይጣራ ነበርና «እማማ፣ የዚህ አገር ቅቤ እንዲህ ያውዳል እንዴ?» ብላቸው፣ አረፋውን በማንኪያ እየገፈፉ፣ «ጾም ነውና አልቀመስኩትም፤ ደግሞም የዚህ አገር አይደለም። ይኼ ባለፓስፖርት ቅቤ ነው፤ ከቡፋሎ ድንበር ተሻግሮ፣ ለጉምሩክ ተናግሮ የመጣ ነው» አሉኝ። ኦንታርዮን በመሰለ የላም አገር ተቀምጦ ቅቤን ከጎረቤት መንግሥት መሸመት ስለ ምን እንዳስፈለገ ብጠይቃቸው፣ «እሱንማ መንግሥቱን ጠይቅ» ብለው ወደ ድስታቸው ተመለሱ። እኔም ነገሩ ከልቤ አልወጣ ስላለ፣ እንዳሉኝ መንግሥቱንም፣ ገበሬውንም፣ መዛግብቱንም ስጠይቅ ሰነበትሁ።

አሜሪካዊና ካናዳዊ በገበታ እንደሚለያዩ አንባቢ ሳይሰማ አልቀረም። የምስጋናን በዓል አንዱ በኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ፣ ሌላው በኦክቶበር ሁለተኛ ሰኞ ያከብራል። በተጠበሰ ድንች ላይ የአይብ ጓልና ትኩስ መረቅ የሚደረግበት ፑቲን በ1950ዎቹ ከኩቤክ ገጠር ወጥቶ የካናዳ ሁሉ ኩራት ሲሆን፣ ከድንበሩ በስተደቡብ ግን ገና የእንግዳ ምግብ ነው። ካናዳዊው ቡናውን በሁለት ክሬምና በሁለት ስኳር ሲያዝ «ደብል ደብል» ብሎ ያልፋል። ይህን የመሰለው ልዩነት ለጨዋታ ማጣፈጫ ከመሆን አያልፍም፤ ወተት ላይ ሲደረስ ግን ጨዋታው ያበቃና ሕግ፣ ቀረጥና የመንግሥታት ክርክር ይጀመራል።

የወተቱ መያዣ እንኳ ሳይቀር የተለየ ነው። በኦንታርዮ፣ በኩቤክና በምሥራቁ የባሕር ጠረፍ አውራጃዎች ባለአራት ሊትሩ እሽግ ሲከፈት፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሊትር ከሲሶ የሚይዙ ሦስት የፕላስቲክ ከረጢቶች ይወጣሉ። ከረጢቱ በልኩ በተሠራ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ይቆምና፣ ጫፉ በመቀስ ተቀንጥቦ ይቀዳል። ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ይህን ብልሃት ወደ ካናዳ ያስገባው በ1967 ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በ1970ዎቹ አገሪቱ ከጋሎን ወደ ሊትር ስትሻገር፣ የጠርሙሱና የካርቶኑ መሥሪያ በአዲስ ልክ መለወጥ ግድ ሲሆንበት፣ ከረጢቱ ግን ያለ ብዙ ድካም የተፈለገውን ያህል ማጠርና መርዘም በመቻሉ ሥር ሰደደ። እማማ ቀድሞ በአሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከታላቋ ልጃቸው ዘንድ ይኖሩ ነበርና ጋሎን የለመዱ ናቸው። «መጀመሪያ ቀን ጫፉን አብዝቼ ብቆርጠው ጠረጴዛው ወተት ጠጣ» ይላሉ። «ልጄ ብትስቅብኝ፣ ‹መቀስ ይዞ ወተት መጠጣት የት አገር አለ?› አልኋት።»

የሙግቱ መነሻ ወደ ኋላ ይርቃል። በ1960ዎቹ የካናዳ ገበሬ የሚያልበው ወተት ከሚጠጣው ሰው በልጦ ዋጋው በመውደቁ፣ መንግሥት በ1966 የካናዳ የወተት ኮሚሽንን አቋቋመ። በ1970ዎቹ መጀመሪያም ዛሬ ድረስ የጸናው የአቅርቦት አስተዳደር ሥርዐት ተዘረጋ። ሥርዐቱ የቆመው በሦስት ምሰሶዎች ላይ ነው፤ ይኸውም ለገበሬው ሁሉ የሚያልበው ልክ በኮታ ይወሰናል፣ የወተቱ ዋጋ የማምረቻው ወጪ ተሰልቶ ይተመናል፣ ከውጭ የሚገባው ደግሞ ከተፈቀደው መጠን ሲያልፍ በወተት ላይ 241፣ በቅቤ ላይ 298.5 በመቶ ቀረጥ ይጣልበታል። ይህም በሰላም የተተከለ አይደለም። በ1976 ኮታቸው የተቀነሰባቸው የኩቤክ ገበሬዎች ኦታዋ ድረስ ዘምተው፣ በአረንጓዴ ባርኔጣቸው በታወቁት የእርሻ ሚኒስትር በዩጂን ዊላን ላይ በአደባባይ ወተት ደፍተዋል። ከዚያ ወዲህ ይህን ሥርዐት ደፍሮ የሚነካ ፖለቲከኛ ብርቅ ነው። በ2017 ማክሲም በርኒየ የወግ አጥባቂውን ፓርቲ መሪነት ሲወዳደሩ ሥርዐቱን አፈርሳለሁ ብለው በጥቂት ድምፅ ተሸነፉ፤ አሸናፊው አንድሩ ሺርም በጋዜጠኞች ግብዣ ላይ ቆመው ወተት በመጠጣት የማን ባለዕዳ እንደሆኑ በሣቅ አስመስከሩ።

አሜሪካውያን ደግሞ ሌላውን መንገድ ያዙ። ከ1949ኙ ሕግ ጀምሮ መንግሥታቸው የተረፈውን ቅቤ፣ አይብና የወተት ዱቄት እየገዛ ዋጋውን ሲደግፍ ኖረ። የተገዛው ክምችት በሚዙሪ ምድር ውስጥ በተፈለፈሉ የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች ሳይቀር ታጭቆ ሻጋታ እየያዘው ስለሄደ፣ ፕሬዚዳንት ሬገን በ1981 መጨረሻ 30 ሚሊዮን ፓውንድ አይብ ለድኾች እንዲታደል ፈቀዱ። በዘመናችን መንግሥት አይቡን ማከማቸቱን ትቶ፣ በወተቱ ዋጋና በመኖው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ሲጠብ ለገበሬው ገንዘብ የሚክስ የመድን ሥርዐት አቁሟል። ሆኖም ይህ ሁሉ ትድግና ትንሹን ገበሬ አላዳነውም። በ2003 ከ70 ሺህ በላይ የነበሩት ፈቃድ ያላቸው የወተት እርባታዎች በ2023 ከ27 ሺህ በታች ሆነው፣ ላሙ ሁሉ ወደ ጥቂት ግዙፍ በረቶች ተሰብስቧል።

ስለ ካናዳ ሥርዐት የነገረኝ በምሥራቅ ኦንታርዮ መቶ ያህል ላሞች የሚያልብ ገበሬ ነው። በኦንታርዮና በኩቤክ በቀን አንድ ኪሎ የወተት ቅባት ለመሸጥ የሚያስችለው ኮታ የሚሸጥበት ዋጋ ጣሪያው 24 ሺህ የካናዳ ዶላር ሲሆን፣ ይህም አንዲት ላም ከምትሰጠው ብዙ አይርቅም። ገበሬውም በረቱን እያሳየኝ፣ «ከላሞቼ ይልቅ ፈቃዱ ይወደዳል፤ ልጄም የሚወርሰው ዕዳውንና ፈቃዱን አንድ ላይ ነው» አለኝ። ቢሆንም በዚያ በረት ያየሁት ሰውየው ከላሞቹ አብዛኞቹን በስም እየጠራ ሲያልፍ ነበር። አገሩ በ1999 ወተት የሚያበዛውን የሆርሞን መርፌ፣ አሜሪካ በ1993 የፈቀደችውን፣ ለላሞቹ ጤና ሲል መከልከሉንም እንደ ቤተሰብ ክብር ይተርከዋል።

ይህን ሁሉ ለእማማ ብተርክላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ገበሬው ይኑር፤ እኔ ገበሬን አልጠላም፤ አባቴም ገበሬ ነበሩ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ግን ልጄ፣ ለገበሬው መኖር የምከፍለው እኔ፣ ባለትልቁ ቤት የሚከፍለውም ያንኑ ነው። ለአይብ ሦስት ከረጢት ወተት አፍልቼ፣ ሎሚ ጨምሬ፣ ሲጨመቅ አንድ ሳሕን አይሞላም። ሲልቨር ስፕሪንግ ሳለሁ ጎረቤት ሁሉ ከእኔ አይብ ይበላ ነበር፤ እዚህ ግን እንግዳ ሲመጣ በማንኪያ ነው የምሰፍረው።»  ደግሞም ወዲያውኑ፣ «የድኻ ጾም ዓመቱን ሙሉ እንዲሆን ሕግ አያስፈልገውም፤ ዋጋው ይበቃዋል» ብለው አከሉልኝ።

የእማማን ጥያቄ ይዤ በኦታዋ የእርሻውን ጉዳይ ከሚይዙት አንዱን ሹም ለመጠየቅ ሞክሬ ነበር። ሥርዐቱ የአገሪቱ ኩራት መሆኑን ነገሩኝ። ዋጋው በዝቅተኛ ገቢ በሚኖረው ቤተ ሰብ ላይ የሚያሳርፈው ሸክም ተመዝኖ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብልኝ አሉ። በጽሑፍ ባቀርበውም ከመልስ ይልቅ ስለ ላሞች አያያዝ በሚያምር ሥዕል የተዘጋጀ መጽሔት ደረሰኝ።

ከድንበሩ ማዶ ያለው ጩኸት ከዚህ የከረረ ነው። በኤፕሪል 2017 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በዊስኮንሲን ግዛት በኬኖሻ ከተማ ቆመው የካናዳን የወተት ሕግ በይፋ ኮነኑ። በ2018 የተፈረመው፣ በጁላይ 2020 የጸናው አዲሱ የሰሜን አሜሪካ የንግድ ስምምነትም ለአሜሪካውያን ከካናዳ የወተት ገበያ 3.6 በመቶ ያህል ከፈተላቸው። ከውጭ በሚገባው የወተት ኮታ አደላደል ላይ የተነሣው ክርክር ወደ ዳኞች ቀርቦ፣ የ2021 መጨረሻው ፍርድ ለአሜሪካ፣ የ2023ቱ ደግሞ ለካናዳ ሆነ። የካናዳ መንግሥትም በአውሮፓና በፓስፊክ ስምምነቶች ሳቢያ ገበያቸው ለተከፈተባቸው የወተት ገበሬዎቹ 1.75 ቢሊዮን ዶላር ካሳ እንደሚከፍል በ2019 አስታውቋል። በ2025 በኦታዋ ምክር ቤት የጸደቀው፣ በኩቤካውያን እንደራሴዎች የቀረበው ሕግም ከእንግዲህ ማንኛውም የካናዳ ተደራዳሪ ይህን በር ዳግም እንዳይከፍት አሥሮታል።

ሸማቹ ግን ዳኛም ተደራዳሪም አልጠበቀም። በምዕራቡ ጠረፍ በ2012፣ ካናዳውያን በአሜሪካዋ ቤሊንግሃም ከተማ ትልቅ መደብር ወተቱን እየጠረጉ ወሰዱብን ያሉ አሜሪካውያን ለነዋሪ ብቻ የተለየ ሰዓት ይሰጠን እስከ ማለት ደርሰዋል።

ነገሩ ሲጠቀለል፣ ሁለቱም ሕዝቦች ገበሬያቸውን በገንዘብ ያኖሩታል። አሜሪካዊው በግብር፣ ካናዳዊው በወተቱ ዋጋ ይከፍላል። ግብር ባለጠጋውን ይበልጥ ሲጠይቀው፣ የመደብር ዋጋ ግን ባለጠጋና ድኻ አይለይም። ካናዳም ቢሆን በ1971 ከ100 ሺህ በላይ የነበሩት እርባታዎቿ ዛሬ ከ10 ሺህ በታች ሆነዋልና ሥርዐቱ ሁሉን አዳነ ለማለት አይቻልም፤ የተረፉት ግን ዕዳ ቢኖርባቸውም ተደላድለው ያልባሉ። ይህ በጎ ነው። የሰሜን አሜሪካው የንግድ ስምምነት በ2026 ለጋራ ግምገማ ሲቀርብ የኦታዋ መንግሥት ገበሬውን ለመከላከል አንደበት እንደማይጐድለው የታወቀ ነው። የገበሬውን በር በሕግ ያሠረ ያው ምክር ቤት፣ ወተቱን በውድ ለሚገዛው ድኻ ቤተ ሰብ ደግሞ ግልጽ የሆነ ካሳ በበጀቱ ቢያኖር፣ ሥርዐቱ ኩራት የመባል መብት ይኖረዋል፤ እስከዚያው ግን የኩራቱን ዋጋ የሚከፍለው ዋጋውን ሳይጠየቅ የተተመነበት ሸማች ነው።