መርዙ በአካል ውስጥ ምን ይሆናል?

በክረምት ጤፍ ወደሚዘራበት አገር የወጣ ሰው፥ ገበሬው የመርጫ መሣሪያውን በጀርባው አዝሎ በማሳው መካከል ሲመላለስ ያያል። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ «ቱ ፎር ዲ» እየተባለ የሚጠራው ፀረ አረም ነው። ፈሳሹ በጤፉም በአረሙም ላይ ሳይለይ ይወርዳል፤ ነገር ግን ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ቅጠለ ሰፊው አረም ተጣምሞ ሲጠወልግ ጤፉ እንደ ቆመ ይቀራል። ይህን የተመለከተ ሁሉ መርዙ አረምን ከሰብል ለይቶ የሚያውቅ ሊመስለው ይችላል። መርዙ ግን ምንም አያውቅም፤ የሚለየው የተቀበለው አካል ነው።

ይህን ጕዳይ በቤተ ሰብ መጽሔት ላይ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በማሳው የተረጨውና በጎተራው የተነሰነሰው ነገር ዞሮ ዞሮ በገበታ ዙሪያ ወደሚቀመጡት ይደርሳልና።

ቱ ፎር ዲ የተሠራው የተክልን የዕድገት ሆርሞን በሚመስል መልክ ነው። አረሙ ይህን የሐሰት ትእዛዝ ተቀብሎ ያለ ሥርዐት በማደግ ራሱን ያጠፋል። የሣር ወገን የሆኑት ሰብሎች ግን መዳኛ አላቸው። በስንዴ ላይ በተደረገው ምርምር እንደ ታወቀው፥ ተክሉ በኢንዛይሞቹ አማካይነት በመርዙ ላይ ኦክስጅን ይጨምርበትና ከስኳር ጋር አጣብቆ በሕዋሶቹ ጓዳ ውስጥ ይዘጋበታል። ተክል እንደ እንስሳ ሽንት የለውምና፥ የማይፈልገውን ነገር በጓዳው መቈለፍ ግድ ይሆንበታል። ቅጠለ ሰፊዎቹ አረሞችም መርዙን ለማሰር ይሞክራሉ፤ ሆኖም የብዙዎቹ ማሰሪያ የላላ ስለ ሆነ ተመልሶ ይፈታባቸዋል።

አሁን ከማሳው ወደ ጎተራው እንለፍ። ጤፍ በደቃቅነቱ ምክንያት ነቀዝ ብዙም አያስቸግረውም፤ በቆሎ፥ ስንዴና ማሽላ ግን በጊዜው ካልተጠበቁ ወደ ዱቄትነት ይለወጣሉ። ስለዚህ ከሚነሰነሱባቸው መድኃኒቶች አንዱ ማላታዮን ነው። ስለዚህ መድኃኒት እጅግ የሚያስደንቀው ነገር፥ ከዕቃው ሲወጣ በነርቭ ላይ ያለው ኀይል ደካማ መሆኑ ነው። ኀይል የሚሰጠው ነቀዙ ራሱ ነው። የነቀዙ ኢንዛይሞች በማላታዮን ውስጥ ያለውን አንድ የድኝ አተም አውጥተው በኦክስጅን ይተኩታል፤ ያን ጊዜ ማላኦክሰን የሚባል ብርቱ መርዝ ይሆናል። ይህም መርዝ የነርቭን መልእክት የሚያቆመውን ኢንዛይም ስለሚይዘው፥ ነርቩ ያለ ዕረፍት ይጮኻል፤ ነፍሳቱም ተንቀጥቅጠው ይሞታሉ።

በሰው አካል ውስጥም ይኸው ለውጥ ይደረጋል። ነገር ግን በጉበታችን ሌላ ኢንዛይም አለ፤ እርሱ ማላታዮንን ፈጥኖ ይቈርጠውና በሽንት ሊወጣ ወደሚችል አሲድ ይለውጠዋል። እንግዲህ በጉበታችን ውስጥ እሽቅድምድም አለ ማለት ነው፤ አንደኛው ኢንዛይም መርዙን ሲያበረታ ሁለተኛው ቀድሞ ያጠፋዋል። በብዙ ነፍሳት ዘንድ ይህ ሁለተኛው ደካማ ነው። በሕፃናትም ጉበት ገና አልጠነከረም፤ እናቶች ይህን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

ቈራጩ ኢንዛይም ቢታሰርስ? በ1968 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 1976) በፓኪስታን የሆነው ይህ ነበር። ወባን ለመከላከል ማላታዮን በየቤቱ ይረጩ ከነበሩት 7,500 ያህል ሠራተኞች መካከል ወደ 2,800 የሚጠጉት ታመሙ፤ አምስቱም ሞቱ። ሲመረመር በአንዳንዱ ዱቄት ውስጥ አይሶማላታዮን የሚባል ነገር ተገኘ። ይህም ማላታዮን በመጋዘን ሲቀመጥ፥ ይልቁንም ሙቀት ሲያገኘው፥ ከራሱ የሚወለድ ነው፤ የጉበታችንንም ቈራጭ ኢንዛይም ያስረዋል። ሠራተኞቹ ያለ በቂ መከላከያ በእጃቸው መንካታቸውም ጕዳቱን አባብሶታል። ስለዚህ ቀኑ ያለፈበት መድኃኒት ኀይሉ የደከመ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል።

ነፍሳትም ቢሆኑ ሁልጊዜ ተሸናፊዎች አይደሉም። የስዊስ ሊቅ ፓውል ሙለር የዲዲቲን ተባይ ገዳይነት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1939 ካገኘ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ ዲዲቲ የማይገድላቸው የቤት ዝንቦች ታዩ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ከዲዲቲው አንድ ሃይድሮጅንና አንድ ክሎሪን በመንቀል፥ ለዝንብ ጕዳት ወደሌለው ዲዲኢ ይለውጡታል። በእኛም አካል ዲዲቲ ዲዲኢ ይሆናል፤ ነገር ግን በሽንት አይወጣልንም፤ በስብ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተቀምጦ በእናት ጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ያልፋል።

በየገበያው ስሙና ቀኑ ያልተጻፈበት ዱቄት በፌስታል ተቋጥሮ ሲሸጥ ማየት በጣም ያሳዝነናል። ዲዲቲ ይሁን ማላታዮን፥ ትናንት የተሠራ ይሁን ከዓመታት በፊት፥ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ማላታዮን በእህል ላይ ከተነሰነሰ በኋላ ቀስ በቀስ ይበተናል፤ ነገር ግን ጊዜ ይፈልጋል። አብዛኛው በገለባው ላይ ስለሚቀር ፈትጎና አበጥሮ ማጠብ ይቀንሰዋል። ለነገ የሚፈጭ እህል ላይ ግን ፈጽሞ ሊነሰነስ አይገባም።

ዱቄቱን የነካ ወይም የዋጠ ሰው ምራቁ ቢበዛ፥ ቢያልበው፥ የዐይኑ ብሌን ቢጠብና መተንፈስ ቢያቅተው፥ የነካውን ልብስ አውልቆ ገላውን በሳሙና አጥቦ ወዲያው ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ሐኪሙ አትሮፒን የሚባለውን ማርከሻ ለመስጠት ምን ዐይነት መርዝ እንደ ሆነ ማወቅ ስለሚጠቅመው፥ መድኃኒቱ የነበረበትን ዕቃ ከነጽሕፈቱ ይዞ መሄድ አይረሳ።