በቤት ውስጥ ስለሚዋሐድ የሮክ ዘፈንና ስለ ድምፅ መጠን

ብዙ ድምፅ በአንድነት ሲሰማ ዜማ የሚሆነው ለእያንዳንዱ ስፍራና መጠን የተሰጠው እንደ ሆነ ነው። መጠን የጎደለው እንደ ሆነ ግን፥ ተጫዋቾቹ ምንም ብልሆች ቢሆኑ፥ የሚሰማው ጩኸት እንጂ ዜማ አይደለም። ይህም በማናቸውም ሙዚቃ እውነት ሲሆን፥ ይልቁንም ጊታር በበዛበት የሮክ ዘፈን ጎልቶ ይታያል።

የሮክ ዘፈን ዋና መሣሪያ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚጎላው ጊታር ነው። ድምፁ ሆነ ተብሎ እንዲሻክር ስለሚደረግ፥ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድረስ ያለውን ስፍራ ይሞላል። እንዲህ ያለውን ጊታር ሦስትና ዐራት አድርገው ሲደራርቡት የዘፋኙ ቃል ይዋጣል፤ የከበሮውም ምት ይደበዝዛል። ስለዚህ ለየብቻ የተቀዱትን ድምፆች የሚያዋሕደው ሰው እንደ ዳኛ ነው፤ ለሁሉም የሚገባውን ይሰጣል፥ ከሁሉም ትርፉን ይቀንሳል።

ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ የሚሆነው አሜሪካዊው ቶም ሾልዝ ነው። ይህ ሰው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ምሕንድስና ተምሮ፥ ፖላሮይድ በተባለው የፎቶግራፍ ኩባንያ መሐንዲስ ነበረ። ቀን በኩባንያው ሥራ እየዋለ፥ ማታ በዋተርታውን ከተማ ወደ ምድር ቤቱ እየገባ፥ ገንዘቡን ባፈሰሰበት መቅረጫ መኪና ዘፈኖቹን ይቀዳ ነበር። የሸክላ ኩባንያዎች ናሙናውን እየሰሙ ቢመልሱበትም ተስፋ አልቆረጠም። በኋላ ኤፒክ የተባለው ኩባንያ ሲቀበለው፥ ዘፈኖቹ በታላቅ ስቱዲዮ እንደ ገና እንዲቀዱ ፈለገ። ሾልዝ ግን የጊታሩ ጣዕም የተገኘው በዚያ ምድር ቤት መሆኑን ስላወቀ፥ አብዛኛውን ሥራ እዚያው ፈጸመ፤ የመጨረሻውም ማዋሐድ በሎስ አንጀለስ ከጆን ቦይላን ጋራ ተደረገ። ሥራው በአውሮፓ አቆጣጠር በነሐሴ ወር 1976 ዓ.ም. ቦስተን በሚል ስም ወጣ፤ በአሜሪካ ብቻ ከ17 ሚሊዮን ቅጂ ያላነሰ እንደ ተሸጠም ተመሰከረለት።

የሾልዝ መኪና ድምፅ የሚቀዳባቸው መስመሮች 12 ብቻ ነበሩ። መስመር ሲያልቅ ብዙውን ድምፅ ወደ አንድ መደምደም ግድ ነው፤ አንድ ጊዜ የተደመደመውም ተመልሶ አይለይም። ስለዚህ የሠራተኛው ጆሮ አስቀድሞ ይፈርድ ነበር። ዛሬ ግን ማንም ወጣት በቤቱ ባለው ኮምፒዩተር መቶ መስመር ቢሻ ያገኛል። መኪናው ወሰን ካላበጀለት፥ ወሰኑን ራሱ ሰውየው ማበጀት አለበት።

የመጀመሪያው ወሰን በወፍራሙ ድምፅ በኩል ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል፥ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ስለዚህ ከ80 በታች ከጊታሩ የሚመጣው ጉርምርምታ ቢቆረጥ ዜማው አይጎዳም፤ ለቤዙና ለታላቁ ከበሮ ግን ስፍራ ይለቀቅላቸዋል። በማኅሌት ከበሮው በወፍራም፥ ጸናጽሉ በቀጭን ድምፅ ስለሚሰማ አንዱ ሌላውን እንደማይሸፍነው ሁሉ፥ በዚህም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ወሰን በግራና በቀኝ ነው። አንዱ ጊታር በግራ፥ ሌላው በቀኝ ሲሆን መካከሉ ለዘፋኙ ይቀራል። ነገር ግን የአንዱ ግልባጭ በሁለቱም ወገን ቢደረግ፥ ጆሮ ከመካከል እንደ መጣ አድርጎ ይሰማዋል። ስለዚህ ተጫዋቹ ያንኑ ዜማ ዳግመኛ መጫወት ይገባዋል፤ ስፋትን የሚሰጠው በሁለቱ መካከል ያለው ጥቂት ልዩነት ነውና። ጊታሩ ሲደራረብም ሻካራነቱ ሊቀነስ ይገባል፤ ለብቻው ሲሰማ ያማረው፥ ከሌሎች ጋራ ሲሆን ጭቃ ይሆናል።

ሦስተኛው ወሰን በጆሮ ላይ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. እንዳስረዱት፥ ድምፅ ዝግ ሲል ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ አሳንሶ ይሰማል፤ ሲጎላ ግን ሁሉ የሞላ ይመስለዋል። ስለዚህ እጅግ እያጮኸ የሚያዋሕድ ሰው ገና ያልተስተካከለውን ሥራ ያማረ መስሎት ይታለላል። ከመታለሉም የሚከፋው ጉዳት ነው፤ 85 ዴሲቤል በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መሰማት የለበትም፥ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪም የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በጩኸት የተጎዳ ጆሮ በመድኃኒት አይመለስም።

ትንሽ ክፍልም ያሳስታል፤ ወፍራም ድምፅ በማዕዘን ይከማቻልና። ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ በማዕዘኖቹ ድምፅ የሚመጥ ወፍራም ነገር ያኖራል፤ ሥራውንም በሌላ ቤትና በአውቶሞቢል ውስጥ ይሰማዋል፤ አስቀድሞ ከተመሰገነ ሸክላም ጋራ ያስተያየዋል፤ አድሮም በዐረፈ ጆሮ ይመረምረዋል።

የቤት ማነስ ሰውን ከመልካም ሥራ እንደማይከለክል ያ ምድር ቤት ይመሰክራል። የመሣሪያ ብዛትም ብቻውን ሥራን አያሳምርም። ሁሉ ጎልቶ ልሰማ ያለ እንደ ሆነ የሚሰማ አይኖርም፤ እያንዳንዱ በመጠኑ የቆመ እንደ ሆነ ግን ትንሹም ትልቁም ይሰማል። ስለዚህ ድምፅ የሚያዋሕድ ሰው ከመጨመር አስቀድሞ መቀነስን፥ ከማጉላትም አስቀድሞ መስማትን ሊማር ይገባዋል።