ጊዜው ያለፈበት ፊልም ለምን ይፈለጋል?

በስልክ መቶ ፎቶ በነጻ ማንሳት እየተቻለ፣ አንዳንድ ልጆቻችን 36 ፎቶ ብቻ ለሚይዝ አንድ ጥቅል ፊልም ገንዘብ ያወጣሉ። ይባስ ብለው ፋብሪካው መሥራቱን የተወውን፣ ጊዜው ያለፈበትን ፊልም ያድናሉ። ወላጅ «ምን ነካቸው?» ቢል አይፈረድበትም። ግን ምክንያት አላቸው።

እያንዳንዱ ፊልም የራሱ ቀለም አለው። ኮዳክሮምን እንውሰድ። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1935 ለገበያ አውጥቶት በ2009 ማምረቱን አቆመ። የሚታጠበው በልዩ ኬሚካል ስለነበር፣ በአሜሪካ ካንሳስ የነበረው የመጨረሻው አጣቢ በ2010 መጨረሻ መቀበል ሲያቆም ያ ቀለም አብሮ ቀረ። የቀረ ነገር ደግሞ ይናፍቃል።

ሌላው፣ ስሙን ለውጦ የሚሸጠው ነው፤ የታወቀ ጠጅ በአዲስ ብርሌ እንደማለት። ሲኔስቲል 800ቲ የሚባለው ፊልም መነሻው ኮዳክ ለሲኒማ የሚሠራው 500ቲ ነው። ይህ የሲኒማ ፊልም በጀርባው ጥቁር የካርቦን ሽፋን ነበረው። ሽፋኑ የተራውን ፎቶ ቤት ኬሚካልና ማሽን ስለሚያበላሽ አስቀድሞ ይነሳ ነበር። ታዲያ ሽፋኑ ሌላም ሥራ ነበረው፤ ፊልሙን አልፎ የሄደ ብርሃን ተመልሶ እንዳይመጣ ይከለክል ነበር። እሱ ሲነሳ በመንገድ መብራት ዙሪያ ቀይ ጸዳል ይታያል። ባለሙያ ጉድለት ቢለውም፣ ወጣቶቹ ፊልሙን የሚገዙት ለዚያው ጸዳል ነው።

የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ «ውስጡ ያለው የማን ፊልም ነው? የትስ ተቀምጦ ቆየ?» ፊልም ሲያረጅ ብርሃን የመቀበል አቅሙ ይደክማል። አንሺዎች እንደ ልማድ ለቀለም ፊልም በየ10 ዓመቱ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጉለታል። ፍሪጅ ውስጥ የቆየው ይሻላል፤ ሙቀት የመታው ግን ምን እንደሚያወጣ አይታወቅም። ስለዚህ ሠርግን ወይም ባር ሚጽዋን በእሱ ብቻ አትመኑ። ያ ቀን አይደገምም።

ይኸው እርጅና በየቤታችንም አለ። ከአገር ቤት ወይም ከመጀመሪያዎቹ የእስራኤል ዓመታት ተነስቶ ሳይታጠብ የቀረ ፊልም በመሳቢያችሁ ካለ፣ ምስሉ በየዓመቱ እየደበዘዘ ነው። ተራው የቀለም ፊልም ዛሬም ይታጠባል። የት እንደሆነ ፊልም ወዳዱን ልጃችሁን ጠይቁት። ምናልባት ያላያትን አያቱን እዚያ ያገኛት ይሆናል።