ጭቃው መውጫ ይኑረው

የቡና ወቅት ሲቃረብ ዲላ ውስጥ የባትላሜራና የቀለም ሥራ ይበዛል። መኪናቸውን ለእሸት ቡና የሚያሰማሩ ሰዎች ጥቅምት ሳይገባ ሊያሰናዱት ይፈልጋሉ። ከሚጠይቁኝ ሥራዎች አንዱ ፒክአፕ ላይ የፓራፋንጎውን ጠርዝ ተከትሎ ጎማውን የሚከብበውን ፕላስቲክ መግጠም ነው። ጥቁሩን የሚወድ ጥቂት ነው፤ ብዙው «ከመኪናው ቀለም ጋር አንድ አድርግልኝ» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በደንብ የተገጠመ የፕላስቲክ ጠርዝ መኪናን ያሳምራል፤ ጎማ የሚወረውረውን ጠጠርና ጭቃም ከበሩና ከካሶኒው ያርቃል።

እኔ ግን ስለ ቀለሙ ከመነጋገራችን በፊት መኪናው የት እንደሚሠራ እጠይቃለሁ። «ባንኮ ጎቲቲ» ካሉኝ ሥራው ሌላ ነው።

ባንኮ ጎቲቲ በጌዴኦ ዞን ገደብ ወረዳ ውስጥ ነው፤ ደጋማ፣ ዝናብ የማይለየው፣ አፈሩ ቀይና የሚጣበቅ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዓለም ያወቀው ቡናው ከእንሰት ጋር በትላልቅ ዛፎች ሥር የሚበቅልበትን የእርሻ ሥርዓት ነው። ያ ጥላ ለቡናው በረከት ነው፤ በሥሩ የሚያልፈው የቀበሌ መንገድ ግን ዝናቡ ካባራ በኋላም ቶሎ አይደርቅም። ሾፌሩ ደግሞ እስኪደርቅ መጠበቅ አይችልም። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ማጠቢያ ጣቢያ ካልደረሰ መፍላት ይጀምራል፤ ጥራቱም ዋጋውም ይወድቃል። ስለዚህ መኪናው ጭቃ ውስጥ ይገባል፤ ነገም ይደግመዋል።

አንድ ጊዜ እዚያ ሲሠራ የከረመ ነጭ ፒክአፕ መጣና የኋላውን ጠርዝ ፈታሁት። ጭቃው እንደ ጡብ ተጠፍጥፎ የፕላስቲኩን ቅርጽ ይዞ ነበር የወጣው። ዝናብ ካቆመ ሰንብቷል፤ ጭቃው ግን በአውራ ጣቴ ስጫነው አሻራዬን ያዘ። ከሥሩ ያለው ላሜራ በየቪቴው ቀዳዳ ዙሪያ አብጧል። ካቻቢቴ ባስጠጋበት አንዱ ጋ ዘልቆ ገባ። ከውጭ ሲታይ የጠርዙና የፓራፋንጎው ቀለም ምንም ልዩነት አልነበረውም። ባለቤቱ አዛውንት ናቸው፤ «ሳጥበው ነው የኖርኩት እኮ ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። «ጋሼ፣ ከፊት ነው ያጠቡት፤ ዝገቱ የጀመረው ከጀርባ ነው» አልኳቸው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ትራፓኖ ላሜራውን ሲበሳ የፋብሪካው ቀለምና የፀረ ዝገቱ ሽፋን እዚያው ጋ ይቋረጣል። የቀዳዳው ከንፈር ራቁቱን ይቀራል። ፕላስቲኩ ከላይ ሲያርፍበት በመሃል የሚገባው አፈር ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ ንፋስም ፀሐይም አያገኘውም። ብረት ለመዛግ ከውሃና ከአየር ሌላ የሚፈልገው የለም።

ስለዚህ በተቻለ መጠን በፋብሪካ የተበሱ ቀዳዳዎችን እጠቀማለሁ። አዲስ መብሳት ግድ ከሆነ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ከንፈር በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ፀረ ዝገትና ቀለም እቀባዋለሁ፤ ሳይደርቅ ቪቴ አላስገባም። በላሜራውና በፕላስቲኩ መሃል ዙሪያውን የጎማ ጥብጣብ አስገባለሁ፤ ያለሱ ፕላስቲኩ በንዝረት ብዛት ቀለሙን ፍቆ ብረቱን ያወጣዋል። ከላይ በኩል በማሸጊያ እዘጋለሁ፤ ከታች በኩል ግን ሁለቱንም ጫፍ ክፍት እተዋለሁ፤ የገባ ውሃና ጭቃ መውጫ ያግኝ። ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸተውን የመስኮት ሲሊኮን ለዚህ ሥራ አልነካም፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ራሱ ላሜራ ያዝጋል፤ በአካባቢውም ቀለም አይዝም።

ጎማው ሰፋ ተደርጎ ከተቀየረ ደግሞ ካሶኒው ላይ ጭነት አስጭኜ፣ መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻው አዙሬ እለካለሁ። ባዶ መኪና ላይ የማይነካ ጠርዝ ቡና ሲጫን ጎማ ይበላዋል።

አሁን ወደ ቀለሙ። ቶዮታ ላይ ኮፋኖው ሥር ወይም በሩ አጠገብ ካለው የብረት ሰሌዳ የቀለሙ ቁጥር ይነበባል፤ ነጭ ሃይሉክስ ላይ 040 የሚለውን ደጋግሜ አገኛለሁ። ቁጥሩ የሚናገረው ግን መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ቀለም ነው። ለዓመታት ፀሐይ የመታው፣ ምናልባትም አንድ ጊዜ የተቀባ ፓራፋንጎ ዛሬ ያ ቀለም የለውም። ስለዚህ ፓራፋንጎውን አጥቤና በፖሊሽ አጽድቼ፣ የተበጠበጠውን ቀለም ቁራጭ ላሜራ ላይ እረጫለሁ፤ ሲደርቅ ደጅ አውጥቼ ጎን ለጎን አያለሁ። ጋራዥ ውስጥ አንድ የመሰለ ነጭ ፀሐይ ላይ ሲወጣ አንዱ ወደ ቢጫ፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ ሊያደላ ይችላል። ብርማ ቀለም ከሆነ ከፊትም ከጎንም መታየት አለበት፤ በውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ብናኝ እንደ አረጫጨቱ ይደምቃል ወይም ይጠቁራል።

ፕላስቲኩም ራሱን የቻለ ጠባይ አለው። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ከሚመጡት ብዙዎቹ ከጀርባቸው ፒፒ የሚል ምልክት አለባቸው። ፖሊፕሮፒሊን ማለት ነው፤ ለፕላስቲክ የተሠራውን ፕራይመር ካልቀባነው ቀለም አይዝም፤ በጥፍር ሲጭሩት ይላጣል። ከመገጠሙ በፊት ለብቻው ይቀባል፤ ቀለሙም የጠርዙን ጫፍ አልፎ ወደ ጀርባው ይዞራል። ዝናብ ሲያረብብ ደግሞ ክሊር አልረጭም፤ ቲነሩ ሲተን የአየሩን እርጥበት ፊቱ ላይ ያሳርፍና ያደበዝዘዋል። ደንበኛ ቢቸኩልም ጥርት ያለ ቀን እጠብቃለሁ።

ቀለም ማመሳሰል ለሁሉም መኪና እንደማይበጅም ፊት ለፊት እናገራለሁ። የተቀባ ጠርዝ ላይ እያንዳንዱ ጠጠር ነጥብ ጥሎ ያልፋል። ነጭ ከሆነ ነጥቡን በትንሽ ብሩሽ መሸፈን ይቻላል፤ ብርማ ከሆነ ግን ሙሉውን ጠርዝ መልሶ መርጨት ይጠይቃል። ስለዚህ ነጭ ፒክአፕ ይዞ የመጣን የቡና ሰው በደስታ እቀባለታለሁ። ዓመቱን ሙሉ ከባንኮ ጎቲቲ ይርጋጨፌ የሚመላለስ ብርማ መኪና ላለው ግን ጥቁሩን እንዲተወው እመክራለሁ፤ ገንዘቡንም በቀዳዳዎቹ ጥበቃና በጎማ ጥብጣቡ ላይ ያውለው።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው አለኝ። ደንበኛ ስለማያየው ብለን የምንዘለው የቀዳዳ ከንፈር የሰውን ፓራፋንጎ ያስቆርጣል። ፓራፋንጎ ቆርጦ መበየድ ለእኛ ተጨማሪ ገቢ ቢሆንም፣ በለቀማ ወቅት ጋራዥ የቆመ መኪና ማለት ማጠቢያ ጣቢያ ያልደረሰ የገበሬ ቡና ነው። የመኪና ባለቤቶችም ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ቀዳዳዎቹ ፀረ ዝገት ተቀብተዋል ወይ? ውሃውስ በየት በኩል ይወጣል? ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ጎማውን አዙራችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ በውሃ ግፊት እጠቡት፤ ወቅቱ ሲያልቅም አንዱን ጠርዝ አስፈትታችሁ ጀርባውን በዓይናችሁ እዩ። ጥያቄዎቹን ቀጥ ብሎ የሚመልስ ባለሙያ ካገኛችሁ ቀለሙንም እመኑት።