ኤችዲአር ለጀማሪዎች፦ ሰማዩም ድንጋዩም እንዲታይ

ላሊበላ፣ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ በቀትር ቆማችሁ ስታነሱ ወይ ሰማዩ ነጭ ይሆናል፣ ወይ ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ጉድጓድ ይጨልማል። ካሜራው ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ አይችልም። ኤችዲአር አንዱን ቦታ በተለያየ የብርሃን መጠን አንስቶ ማዋሃድ ነው።

ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አጽኑ። አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር ኤፍ 8 ይሁን። የሚቀየረው የሸተር ፍጥነት ብቻ ነው፦ 1/500፣ 1/125፣ 1/30 ሰከንድ። እያንዳንዱ ከፊተኛው አራት እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። አፐርቸሩን ከነካችሁ ግን ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት ይለያያል፤ ምስሎቹ አይገጥሙም። ነጠላ የለበሰ ምዕመን በመሃል ካለፈ እንደ ጥላ ተደራርቦ ይወጣል፤ ታገሡ፣ ይለፍ።

ጀማሪ የሚሳሳተው ማዋሃዱ ላይ ነው። ምስሎቹን የሚያዋህደውን ሶፍትዌር እስከ ጥግ ሲገፋው በሕንፃው ጠርዝ ነጭ ጸዳል ይወጣል፣ ቀዩ ድንጋይ ፕላስቲክ ይመስላል። እባካችሁ ጥላውን ጨርሳችሁ አታጥፉት፤ የጉድጓዱን ጥልቀት የሚያሳየው እሱ ነው።