የወንጀል ቁጥርና የብሔር ስም፦ ከጌዴኦ ሲታይ

ከሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ጥቂት ወራት ከጌዴኦ ዞንና ከምዕራብ ጉጂ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ቤት ንብረቱን ጥሎ ወጣ። የአገር ውስጥ መፈናቀልን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ማዕከል በዚያው በፈረንጆቹ 2018 በኢትዮጵያ 2.9 ሚሊዮን አዲስ የግጭት መፈናቀል መዘገበ፤ በዓለም ከፍተኛው ነበር። ስንት ሰው እንደተገደለ ግን በዚያ ትጋት አልተቆጠረም። ለተፈናቃይ እህልና ብርድ ልብስ በነፍስ ወከፍ ስለሚታደል የግድ ይቆጠራል። የሞተ ሰው ወደ ቁጥር የሚገባው በፖሊስ ጣቢያ መዝገብ በኩል ነው፤ መንደር በሚቃጠልበት ሳምንት ደግሞ መዝገብ ገልጦ የሚጽፍ አይገኝም። ስለዚህ የወንጀል አኃዝ በጣም የሚሳሳው ጥቃቱ በጣም በበዛበት ጊዜ ነው። በአንጻሩ ጸጥ ባለ ዓመት የስልክና የከብት ስርቆቱ ሁሉ ተጽፎ ዓመቱን ወንጀል የበዛበት ሊያስመስለው ይችላል።

ግጭቱ በየዜናው «የጌዴኦና የጉጂ ግጭት» ተባለ። ስያሜው ሐሰት አይደለም፤ ምክንያት መስሎ ሲነበብ ነው ችግሩ። ሁለቱ ሕዝቦች ለረጅም ዘመን ተጎራብተው፣ ተጋብተውና ተገበያይተው ኖረዋል፤ ደም የፈሰሰ እንደሆነም ጎንዶሮ በሚባለው ሥርዓት ይታረቃሉ። ከፍተኛ ግጭት የተነሣው በ1987፣ በ1990 እና በ2010 ነው። ብሔሩ በሰላሙም ዓመት በግጭቱም ዓመት ያው ነው፤ ያልተለወጠ ነገር የተለወጠውን ሊያስረዳ አይችልም። በነዚያ ዓመታት የተለየው የወሰንና የአስተዳደር ጥያቄ ነበር፦ የትኛው ቀበሌ በየትኛው ክልል ይሁን፣ መሬቱን ማን ያስተዳድር የሚለው። ብሔር እዚህ ላይ ሰዎች የተሰለፉበትን መስመር ያሳያል፤ ለምን በዚያ ወር እንደተሰለፉ ግን አይናገርም።

ትንሽ ወደ ኋላ ብንሄድ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በ1952 ዓ.ም. በሚጪሌ የጌዴኦ ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ ተነሥተው ብዙዎች አለቁ። አመጸኛው ገባርና ቡና አምራች ጌዴኦ ሲሆን ባለርስቱ ደግሞ በአብዛኛው ከሰሜን የመጣ ነበር። ታዲያ ይህ የብሔር ጥቃት ተብሎ ይመዝገብ ወይስ የመሬትና የገቢ? ብሔሩና መሬቱ እዚያ አንድ ላይ ስለሚገጥሙ ከአኃዝ ሰንጠረዥ ብቻ ተነሥቶ መለየት አይቻልም። የእኔ ፍርድ ለመሬቱ ያደላል፤ የጠቡ መነሻ ባለርስቱ ከምርቱ የሚወስደው ድርሻ ነበርና።

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ዱ ቦይስ በፈረንጆቹ 1899 ባሳተመው የፊላደልፊያ ጥናቱ ቤት ለቤት ዞሮ በመጠየቅ፣ ለጥቁሮች ባሕርይ ይሰጥ የነበረውን የወንጀል ብዛት ከሥራ፣ ከቤት ኪራይና ከመገለል ጋር አያይዞ አሳየ። እዚያ አገር ዛሬም ክርክሩ አልበረደም። የፖሊስ ቁጥር የተያዘውን ሰው ይቆጥራል፤ ስለዚህ የአጥፊውን ብቻ ሳይሆን የፖሊሱንም ሥራ ይለካል። ከፈረንጆቹ 1973 ወዲህ ተጎጂዎችን በቀጥታ የሚጠይቅ ሌላ ጥናት የሚያካሂዱት ለዚህ ነው። በፈረንጆቹ 1950 ደግሞ ሮቢንሰን የተባለ ምሁር ከባድ ማስጠንቀቂያ አስቀመጠ፦ ስለ አካባቢ የተሰበሰበ አማካይ ስለ ግለሰቡ አይናገርም። ባሳየው ምሳሌ ስደተኞች የሚበዙባቸው ግዛቶች ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ይበዛባቸዋል፤ ስደተኞቹ ራሳቸው ግን ከሌላው ያነሰ ይችሉ ነበር። የተማረ ሰው ወዳለበት ስለሄዱ ነው። በጌዴኦም አንድ ወረዳ ጥቃት ቢበዛበትና የአንድ ብሔር ሰው ቢበዛበት፣ አጥቂው የዚያ ብሔር ነው ማለት አይደለም፤ ተጠቂውም ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጉዳይ አካፋዩ ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. ለጌዴኦ ዞን 847,434 ሰው፣ ለዲላ ከተማ 59,150 ሰጠ። ተከታዩ ቆጠራ በ2011 እንደገና ተራዘመ፤ ከ1999 ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው። እስቲ ለአብነት በዲላ በአንድ ዓመት 6 ሰው ተገደለ እንበል። በ1999 ቁጥር ሲካፈል ከ100,000 ሰው 10 ገደማ ይሆናል፤ ከተማዋ እጥፍ ሆናለች ብሎ ለሚገምተው ግን 5። የሞተው ሰው ያው 6 ነው። በተከታዩ ዓመት ወደ 3 ቢወርድ ደግሞ «በግማሽ ቀነሰ» ብሎ ዜና የሚሠራ ይኖራል፤ በእንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር ላይ ሁለት ሦስት ሰው በአጋጣሚ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ዲላ በሐዋሳ–ሞያሌ መንገድ ላይ ያለች የቡና ገበያ፣ የመናኸሪያና የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ጣቢያ ቅርብ ነው፣ ሆስፒታል አለ፤ የተጎዳ ሰው ይመዘገባል። በገጠሩ ቀበሌ ጠቡ ሶንጎ በሚባለው የሽማግሌዎች ጉባኤ ፊት ያልቃል፤ በካሳና በእርቅ ሲዘጋ ወደ ፖሊስ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ የከተማው ቁጥር ከገጠሩ ቢበልጥ አይግረመን። በቤት ውስጥ ያለው ጥቃት ደግሞ በሁለቱም ቦታ ይደበቃል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ካገቡ ወይም አግብተው ከነበሩ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናገሩ። በአካልም ሆነ በወሲብ ከተጠቁት ሴቶች መካከል እርዳታ የጠየቁት ሩብ እንኳ አልሞሉም፤ ሁለት ሦስተኛዎቹ ለማንም አልተናገሩም።

ገቢስ? «ድሃ ስለሆኑ ነው» የሚለው አባባል «ብሔራቸው ነው» ከሚለው ብዙም አይሻልም። አገሮችን ያነጻጸሩ ብዙ ጥናቶች ግድያን ከድህነት ይልቅ ከገቢ ልዩነት ጋር አጥብቀው ያያይዙታል። ጌዴኦ ላይ ከዚህም በላይ የሚያስጨንቀው የመሬት ጥበት ነው፦ በ1999 በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ ይኖር ነበር፤ የአገሪቱ አማካይ ወደ 70 ይጠጋ ነበር። እንሰትና ቡና በአንድ ማሳ ተደራርበው ስለሚለሙ ይህን ሁሉ ሰው ሲመግቡ ኖረዋል፤ ለአዲሱ ትውልድ የሚከፈለው ማሳ ግን እየጠበበ ሄዷል። በዚያ ላይ የቡና ገንዘብ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ገብቶ ክረምት ሳይደርስ ይሟጠጣል፤ የዓመት አማካይ ገቢ ይህን አያሳይም። የጥቃቱን ወር ከለቀማው ወር ጋር አስተያይቶ ማየት የተጠርጣሪዎችን ብሔር ከመቁጠር የተሻለ መነሻ ነው።

ስለዚህ የዞኑን የወንጀል ሪፖርት የሚያዘጋጅም ሆነ የሚዘግብ ሰው፣ የብሔር አምድ ከመክፈቱ በፊት ቀበሌውን፣ ወሩን፣ የጠቡን ዓይነትና ጉዳዩ በሶንጎ ማለቅ አለማለቁን ይጻፍልን።